ዊምብልደን 2026፦ ስለ ትኬት፣ ስለ ሰልፉና ስለ ጨዋታው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዘንድሮው የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ሰኞ ሰኔ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጁን 29 ቀን 2026) ተጀምሮ እሑድ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይጠናቀቃል። እዚህ የተሰበሰቡት ለንደን ሄዶ ማየት የሚፈልግም፣ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚከታተልም ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሰልፉን የሚመለከተው ክፍል ሆን ተብሎ ረዝሟል። ትኬት ያልያዘ ሰው በዕለቱ ተሰልፎ፣ በመደበኛ ዋጋ፣ ዋናው ሜዳ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችልበት ሌላ ታላቅ የስፖርት ውድድር ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ሰው ግን አሠራሩን ስለማያውቀው ወይ ጭራሽ አይሞክረውም፣ ወይ ረፋድ ላይ ደርሶ ቀኑን በሰልፍ ይጨርሰዋል።

የለንደን ሰዓት የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባው ደግሞ በሀገርኛው ነው። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ዊምብልደን ከሌሎቹ ትላልቅ ውድድሮች በምን ይለያል?

ግራንድ ስላም ከሚባሉት አራት ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች (የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ የዊምብልደንና የአሜሪካ) የመጀመሪያው ነው። በ1877 በወንዶች ብቻ ተጀመረ፤ ሴቶች በ1884 ተጨመሩ። አዘጋጁ ኦል ኢንግላንድ የተባለው የግል ክለብ ሲሆን፣ አሁን ያለበት ቸርች ሮድ የገባው በ1922 ነው።

ዛሬ ከአራቱ በሣር ላይ የሚደረገው ይህ ብቻ ነው። ሣሩ ከ2001 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ራይግራስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ በውድድሩ ሰሞን ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይታጨዳል። ኳስ ሣር ላይ ስታርፍ ዝቅ ብላ ትንሸራተታለች እንጂ እንደ ፈረንሳዩ የሸክላ ሜዳ ከፍ ብላ አትነጥርም። ለዚህ ነው ጥሩ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ያለው ተጫዋች እዚህ የሚጠቀመው፤ ከኋላ መስመር ሆኖ ረጅም ቅብብል የለመደው ደግሞ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ማለት ካልቻለ ይቸገራል።

የትኛው ዙር መቼ ነው?

ማን ከማን እንደሚጫወት የሚለየው ዕጣ ከመክፈቻው በፊት ባለው ዓርብ፣ ሰኔ 19 ይወጣል። በነጠላ ውድድር በወንዶችም በሴቶችም 128 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ዋንጫ ለማንሳት 7 ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር ሰኞና ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ረቡዕና ሐሙስ፣ ሦስተኛው ዓርብና ቅዳሜ፣ አራተኛው እሑድና ሰኞ ነው። የመካከለኛው እሑድ ቀድሞ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ግን ጨዋታ አለ። ሩብ ፍጻሜው ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1፣ የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ ሐሙስ ሐምሌ 2፣ የወንዶቹ ዓርብ ሐምሌ 3 ይደረጋል። የሴቶች ፍጻሜ ቅዳሜ ሐምሌ 4፣ የወንዶቹ በማግስቱ ነው።

ዘንድሮ የዓለም ዋንጫው በሰሜን አሜሪካ በዚሁ ሰሞን ስለሚካሄድ ሪሞት ያጣላ ይሆናል። ደግነቱ ሐምሌ 5 ምሽት በሩብና በግማሽ ፍጻሜ መካከል ያለ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የእግር ኳስ ጨዋታ የለም።

አዲስ አበባ ሆኜ በስንት ሰዓት ልክፈት?

በለንደን የበጋ ወራት የለንደንና የአዲስ አበባ ልዩነት ሁለት ሰዓት ነው። ትናንሾቹ ሜዳዎች በለንደን 11:00 ይጀምራሉ፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛው ትልቅ ሜዳ ኮርት 1 በ13:00 (9 ሰዓት)፣ ዋናው ሜዳ ሴንተር ኮርት በ13:30 (9 ሰዓት ተኩል) ይጀምራሉ። የነጠላ ፍጻሜዎቹ ግን ከ2025 ጀምሮ ወደ 16:00 ተዛውረዋል፤ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። በድሮው ሰዓት አስልቶ በ10 ሰዓት ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ጥንድ ጨዋታ ነው።

የኢየሩሳሌም፣ የሪያድ፣ የኩዌትና የዶሃ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ከለንደን በአምስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ፍጻሜው እዚያ 11:00 ጠዋት ላይ ይውላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ውድድሩ በዲኤስቲቪ በኩል በሱፐርስፖርት ይታያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢኢን ስፖርትስ፣ በአሜሪካ ኢኤስፒኤን፣ በብሪታንያ ቢቢሲ ያስተላልፉታል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው የዊምብልደን የዩቲዩብ ገጽ በየዕለቱ የጨዋታዎቹን ዋና ዋና ክፍሎች ይለቅቃል፤ በውድድሩ መተግበሪያ ደግሞ የቀጥታ ሬዲዮ አለ።

ትኬት አሁን ማግኘት እችላለሁ?

በዕጣ የሚሰጠው ትኬት ምዝገባው የሚደረገው ከውድድሩ በፊት በነበረው መጸው ላይ ስለሆነ ለዘንድሮ አልፏል። የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በዕለቱ መሰለፍ፣ ምግብና መቀመጫ አንድ ላይ የሚሸጥበትን የመስተንግዶ ጥቅል ከተፈቀደለት ሻጭ መግዛት፣ ወይም የዲበንቸር ትኬት መግዛት።

ዲበንቸር ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ክለቡ ለግንባታ ገንዘብ ለማሰባሰብ በየአምስት ዓመቱ የሚሸጠው የመቀመጫ መብት ነው፤ የ2026–2030 የሴንተር ኮርት ዲበንቸር አንዱ 116,000 ፓውንድ ነው። ባለቤቱ የእያንዳንዱን ቀን ትኬት ለሌላ ሰው መሸጥ ይፈቀድለታል። ሌላው ተራ ትኬት ሁሉ ግን ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይሸጥም። ስለዚህ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ «የዕጣ ትኬት ደርሶኝ መሄድ ስላልቻልኩ ልሽጥልህ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ እውነቱን ቢሆን እንኳ ትኬቱ በር ላይ ሊሰረዝ ይችላል። ገንዘብ አይላኩ።

ሰልፉ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሰልፉ የሚያዘው ከግቢው ትይዩ ባለው ዊምብልደን ፓርክ ውስጥ፣ ሣር ላይ ነው። ከሳውዝፊልድስ ባቡር ጣቢያ ወርደው ምልክቱን ከተከተሉ ያደርስዎታል። እንደደረሱ «ኪው» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ባንዲራ የያዘ አስተናጋጅ ይፈልጉ፤ የሰልፉ ጭራ እሱ የቆመበት ነው። እዚያ ቀኑና ተራ ቁጥሩ የታተመበት ካርድ ይሰጥዎታል። ካርዱ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ለጓደኛ ቦታ መያዝም ሆነ ካርድ መቀያየር አይቻልም። ትኬት እስኪገዙ ድረስ አይጣሉት፤ ደጋግመው ይጠይቁዎታል።

ለሴንተር ኮርት፣ ለኮርት 1 እና ለኮርት 2 በየቀኑ ለያንዳንዳቸው 500 ያህል ትኬት ለተሰላፊ ይቀመጣል። በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ግን ለሴንተር ኮርት በሰልፍ የሚሸጥ ትኬት የለም። የትላልቆቹ ሜዳዎች ትኬት ካለቀ በኋላ ያለው ተሰላፊ የሚገዛው የግቢ መግቢያ (ትናንሾቹን ሜዳዎች እየተዘዋወሩ የሚያዩበት ትኬት) ነው። ቁጥርዎ ከ500 በታች ከሆነ ሴንተር ኮርት ይደርስዎታል። 600 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ፤ ከፊት ካሉት ውስጥ የሚወዱት ተጫዋች ኮርት 1 ላይ ስለሆነ እሱን የሚመርጡ ይኖራሉ።

ለሊቱን እዚያው የሚያድሩ ሰዎች ድንኳን መትከል ይፈቀድላቸዋል፤ ድንኳኑ ግን ከሁለት ሰው በላይ የሚይዝ መሆን የለበትም። እሳት ማንደድና መጥበስ ክልክል ነው። መጸዳጃ፣ ውሃና የምግብ መሸጫ በአቅራቢያው አለ። ከቦታዎ ለአጭር ጊዜ መነሳት ይችላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠፉ ግን ተራዎን ሊያጡ ይችላሉ። ሻንጣ አስቀምጦ ሆቴል ሄዶ መተኛት አይሠራም።

ጠዋት ከ5:00 እስከ 6:00 ባለው ጊዜ አስተናጋጆች እየዞሩ ይቀሰቅሳሉ። ድንኳን ይፈርሳል፤ የማደሪያ ዕቃ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ይገባል፤ ምክንያቱም ወደ ጨዋታው ግቢ ይዘውት መግባት አይችሉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘገያል፤ የዕቃ ማስቀመጫው ሰልፍ ራሱን የቻለ ሰልፍ ነውና። ከዚያ ሁሉም ተጠጋግቶ በቁጥሩ ይቆማል። አስተናጋጆች ከፊት ጀምረው የትኛውን ሜዳ እንደሚፈልጉ እየጠየቁ የእጅ ማሰሪያ ያድላሉ። ማሰሪያ ከደረሰዎት የትልቁ ሜዳ ትኬት አለዎት ማለት ነው፤ ከእርስዎ በፊት ካለቀ የግቢ መግቢያ ነው። ቀጥሎ ፍተሻ፣ ከፍተሻው በኋላ የትኬት መስኮት። ግቢው በ10:00 ይከፈታል። ለአንድ ሰው አንድ ትኬት ብቻ ነው የሚሸጠው፤ የባንክ ካርድ ይያዙ፣ ጥሬ ገንዘብን አይመኑ። የዊምብልደን መተግበሪያን ስልክዎ ላይ ጭነው፣ አካውንትዎንም ከፍተው ይሂዱ፤ ፓርኩ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ኔትወርክ ሲሻማ አካውንት መክፈት ያበሳጫል።

ስንት ሰዓት ልድረስ?

የሴንተር ኮርት ትኬት ከፈለጉ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደርሰው ያድሩ። ታዋቂ ተጫዋች የሚወጣበት ቀን ከሆነ ወይም የመክፈቻው ሰኞ ከሆነ ከዚያም ቀደም ይበሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የግቢ መግቢያ ለሚፈልግ ሰው ጠዋት 6:00 ላይ መድረስ አስተማማኝ ነው። በ9:00 የደረሰ ሰው ግቢው ሲሞላ «አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል» የሚባለው ደረጃ ላይ ይደርስና ብዙ ሰዓት ይቆማል። በግቢው በአንድ ጊዜ 42,000 ያህል ሰው ነው የሚፈቀደው።

ሌላው አማራጭ ማታ መሄድ ነው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። በጁላይ መጀመሪያ ለንደን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ21:00 በኋላ ነው። ከ17:00 በኋላ የግቢ መግቢያው ዋጋ ይቀንሳል፣ ጠዋት የገቡ ቤተሰቦችም መውጣት ይጀምራሉ። ከሥራ ወጥቶ ሦስት አራት ሰዓት ቴኒስ ማየት ለለንደን ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለውም።

ለአዳር ምን ይያዝ? የበጋ ለሊት ነው ብለው አይዘናጉ፤ ሣሩ በጤዛ ይርሳል፣ ብርዱም ያንቀጠቅጣል። ከሥር የሚነጠፍ ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ቻርጅ የሚሞላ ፓወር ባንክ ከሌሉ ለሊቱ ይረዝማል።

የግቢ መግቢያ ይሻላል ወይስ ሴንተር ኮርት?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ያለ ምንም ማመንታት፣ የግቢ መግቢያ። ዋጋው ባለፉት ዓመታት 30 ፓውንድ ግድም ሲሆን፣ ሴንተር ኮርት በመክፈቻው ሰሞን ከሱ ሦስት እጥፍ አያንስም። ሴንተር ኮርት የገባ ሰው በቀን ሦስት ጨዋታ ያያል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ታላቁ ተጫዋች ከማጣሪያ የመጣውን ልጅ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያሰናብትባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የግቢ መግቢያ የያዘ ግን ከሜዳ ሜዳ እየተዘዋወረ፣ ከተጫዋቹ በሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ አምስት ስድስት ጨዋታ ማየት ይችላል። የተጫዋቹ እግር እንዴት እንደሚሠራና ሰርቭ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚገባው ከዚያ ርቀት ነው፤ ቴሌቪዥን ይህን አያሳይም።

የሜዳዎቹ ብዛት 18 ነው፤ ሲቆጥሩ ግን 13ኛ የሚባል ሜዳ አያገኙም፣ ከ12 ወደ 14 ይዘላል። ኮርት 18ን ሳያዩ አይውጡ። በ2010 ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማሁ ሦስት ቀን ወስደው ለ11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የተጫወቱት እዚያ ነው፤ ማስታወሻ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ አለ።

ከሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ በኋላ ምክሩ ይገለበጣል። በትናንሾቹ ሜዳዎች የሚቀሩት በአብዛኛው የታዳጊዎች፣ የጥንድና የዊልቸር ጨዋታዎች ናቸው፤ ዋናውን ፍልሚያ ግቢው ውስጥ ካለው ኮረብታ ላይ ሆነው በትልቁ ስክሪን ነው የሚያዩት። እሱም የራሱ ደስታ አለው፤ ግን ከግብዎ ጋር ያስተያዩት።

የግቢ መግቢያ ይዤ በኋላ ወደ ትልቁ ሜዳ መግባት እችላለሁ?

ይቻላል። ከትላልቆቹ ሜዳዎች ቀድመው የሚወጡ ተመልካቾች የሚመልሱት ትኬት ከሰዓት በኋላ በጥቂት ፓውንድ እንደገና ይሸጣል፤ ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውላል። ተራ የሚያዘው በመተግበሪያው ነው። ሽያጩ ሲከፈት በደቂቃዎች ውስጥ ረጅም ተራ ስለሚፈጠር ቀድመው ይዘጋጁ፤ ሜዳው ላይ ረጅም ጨዋታ ካለ ደግሞ የሚወጣ ሰው ስለማይኖር ትኬቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ምን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ለአንድ ሰው አንድ ቦርሳ፣ መጠኑ ከ40 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ከብዙ ስታዲየሞች የሚለየው ይህ ነው። ወይን የሚጠጣ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ቢራ የሚመርጥ ሁለት ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጣሳ ይፈቀድለታል፤ ጠንካራ መጠጥ ግን አይገባም። የሰልፊ ዱላና ጠንካራ ሽፋን ያለው የበረዶ ሳጥን ክልክል ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትላልቆቹ ሜዳዎች ውስጥ አይገባም።

ውድድሩ ከመጀመሪያው እስከ ዋዜማው በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው የሚውለው፤ የወንዶቹ ፍጻሜ ደግሞ ልክ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ጾሙ በሚፈታበት ቀን። ጾመኛ ሰው የጾም ምግቡን ቋጥሮ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም። ስመ ጥሩው የግቢው ምግብ፣ እንጆሪ በክሬም፣ ከ2010 ጀምሮ 2.50 ፓውንድ ሆኖ ቆይቶ በ2025 ወደ 2.70 ከፍ ብሏል፤ ከለንደን ዋጋ አንጻር ርካሽ የሚባል ነው።

እንዴት ነው የምደርሰው?

በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ በዲስትሪክት መስመር ሳውዝፊልድስ ይውረዱ፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ስሙ ስላሳሳታቸው ዊምብልደን ጣቢያ ድረስ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ ያስኬዳል። ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ለሚመጣ ግን ዊምብልደን ጣቢያ ይቀናዋል፣ ከዚያ 493 ቁጥር አውቶቡስ አለ። መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖርም ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ያው ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የጣት አሻራ የመስጫ ቀጠሮ የማግኛውን ጊዜ በዚያ ላይ ይደምሩ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከአየርላንድ ዜጋ በስተቀር ግን ከጉዞው በፊት ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ በኢንተርኔት ማውጣት አለበት።

የጨዋታ ትኬት ለቪዛ ዋስትና አይሆንም። የቆንስላው ሰው የሚመዝነው የገቢዎን ምንጭ፣ የባንክ እንቅስቃሴዎንና ተመልሰው የሚመጡበትን ምክንያት ነው። ቪዛና ትኬት አንድ ላይ «እንጨርስልዎ» የሚል ደላላ ካለ ይራቁ፤ የተራ ሰው ትኬት ለሌላ እንደማይተላለፍ ከላይ ተጠቅሷል።

ዝናብ ቢዘንብስ?

ሴንተር ኮርት ከ2009፣ ኮርት 1 ከ2019 ጀምሮ ተከፋች ጣሪያ አላቸው። ጣሪያው ራሱ በ10 ደቂቃ ገደማ ይዘጋል፤ ጨዋታው ግን ወዲያው አይቀጥልም። የተመልካቹ እስትንፋስና የሣሩ እርጥበት ተደምሮ ሜዳውን እንዳያንሸራትት የአየር ማስተካከያው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ሌሎቹ ሜዳዎች ይሸፈናሉ፣ ተመልካቹም ይጠብቃል። ትኬት በቆረጡበት ሜዳ ላይ የተደረገው ጨዋታ አንድ ሰዓት ካልሞላ ሙሉ ገንዘቡ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግማሹ ይመለሳል።

በጣሪያ ሥር ጨዋታው እስከ ለሊት አይቀጥልም፤ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር በተደረሰ ስምምነት በ23:00 ይቆማል፤ በአዲስ አበባ ከለሊቱ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ያላለቀው ለነገ ያድራል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጫዋቾች ለምን ይወድቃሉ?

ሣሩ ገና ስላልተረገጠ ለስላሳና እርጥብ ነው። ጣሪያ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። በ2021 የመጀመሪያው ዙር ሴሬና ዊሊያምስና አድሪያን ማናሪኖ በአንድ ቀን፣ በዚያው ሴንተር ኮርት ተንሸራትተው ተጎድተው ወጥተዋል። ቀናት ባለፉ ቁጥር በኋላ መስመሩ አካባቢ ሣሩ ያልቅና ደረቅ አፈር ይወጣል፤ መርገጫው ይጠነክራል፣ የኳሷ ነጠራ ግን ያልተስተካከለ ይሆናል። በፍጻሜው ቀን ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ቡናማ ቦታ እሱ ነው።

ነጥብ አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

አንድ ጌም በ15፣ 30፣ 40 ይቆጠራል፤ 40 እኩል ሲሆን ሁለት ነጥብ በተከታታይ ያገኘ ይወስደዋል። በሁለት ልዩነት ስድስት ጌም የደረሰ አንድ «ሴት» ያገኛል፤ 6 ለ 6 ከሆኑ ታይብሬክ የሚባለውን መለያ ጌም እስከ 7 ነጥብ ይጫወታሉ። ወንዶች ከአምስት «ሴት» ሦስቱን፣ ሴት ተጫዋቾች ከሦስት ሁለቱን ማሸነፍ አለባቸው። በመጨረሻው «ሴት» 6 ለ 6 ሲሆኑ ከ2022 ጀምሮ ታይብሬኩ እስከ 10 ነው። ኢስነር ማሁን 70 ለ 68 ያሸነፈው የመጨረሻው «ሴት» መቋጫ ባልነበረው ዘመን ስለሆነ እንዲህ ያለ ውጤት ዳግመኛ አይታይም።

የመስመር ዳኞቹ የት ሄዱ?

ከ2025 ጀምሮ የሉም። ኳሷ መስመር ውስጥ ትሁን ውጪ በየሜዳው የተተከሉ ካሜራዎች ወስነው በተቀዳ ድምፅ ያሳውቃሉ፤ ተጫዋቹ የድሮውን አቤቱታ ማቅረብ አይችልም። ያለ እንከን ግን አልጀመረም። በዚያው ዓመት በፓቭሊዩቼንኮቫና በካርታል ጨዋታ ላይ ሲስተሙ በሰው ስሕተት በሜዳው አንድ ክፍል ጠፍቶ ነበር፤ በግልጽ ውጪ ያረፈች ኳስ ሳትጠራ ቀርታ ነጥቡ እንዲደገም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በጨዋታ መካከል ማንም በእጁ እንዳያጠፋው ተደርጓል።

ለምን ሁሉም ነጭ ይለብሳል?

የክለቡ ሕግ ነው፤ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ እንኳ አይፈቀድም፣ የጠርዝ ቀለምም ከ1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከ2023 ጀምሮ ሴት ተጫዋቾች ከቀሚስ ወይም ከቁምጣ በማይረዝም ጠቆር ያለ የውስጥ ቁምጣ መጫወት ይችላሉ፤ በወር አበባ ወቅት የነበረውን ጭንቀት ለማስቀረት የተደረገ፣ የዘገየ ማሻሻያ ነው። የተመልካች ልብስ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ሽልማቱ ስንት ነው?

በ2025 አጠቃላይ ሽልማቱ 53.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የነጠላ ሻምፒዮኖቹ ለያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን፣ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ደግሞ 66,000 ፓውንድ አግኝቷል። ለወንድና ለሴት እኩል የሚከፈለው ከ2007 ጀምሮ ነው። በዓለም ደረጃ 100ኛ አካባቢ ላለ ተጫዋች ያቺ የመጀመሪያ ዙር ክፍያ የዓመቱን የአሠልጣኝና የአውሮፕላን ወጪ ለመሸፈን በጣም የምታግዝ ናት፤ ማጣሪያው ላይ እንባ የሚታየው ለዚህ ነው።

ዋንጫውን የያዙት እነማን ናቸው? ማን ይጫወታል?

በ2025 ያኒክ ሲነር የሁለት ዓመቱን ሻምፒዮን ካርሎስ አልካራዝን 4–6፣ 6–4፣ 6–4፣ 6–4 አሸነፈ። ኢጋ ሽፊዮንቴክ አማንዳ አኒሲሞቫን 6–0፣ 6–0 በ57 ደቂቃ ረታች። የዘንድሮውን ስም ዝርዝር ከዕጣው ቀን በፊት ሙሉ ነው ብሎ ማመን አያስፈልግም፤ ጉዳት የደረሰበት በመጨረሻው ሰዓት ይወጣል። ከዕጣ በኋላ የወጣ ካለ በማጣሪያው መጨረሻ ዙር ከተሸነፉት አንዱ ቦታውን ይወስዳል። ማጣሪያው ራሱ ከዋናው አንድ ሳምንት ቀድሞ ሮሃምተን በሚባል ሌላ ግቢ ይደረጋል።

አፍሪካዊ አሸንፎ ያውቃል?

በ1954 ሻምፒዮን የሆነው የቼክ ተወላጁ ያሮስላቭ ድሮብኒ የተጫወተው በግብጽ ዜግነት ነበር። በቅርቡ የደቡብ አፍሪካው ኬቨን አንደርሰን በ2018፣ ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቤር በ2022 እና በ2023 ለፍጻሜ ደርሰው ተሸንፈዋል።

ለ2027 ትኬት መቼ ልመዝገብ?

የትኬት ዕጣው ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሴፕቴምበር፣ በእኛ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መካከል፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በውድድሩ ድረ ገጽ ነፃ አካውንት ከፍተው ይመዘገባሉ፤ ከአንድ ቤት አንድ ማመልከቻ ብቻ ይቀበላሉ፣ ሁለት ካገኙ ይሰርዛሉ። ቀኑንና ሜዳውን መምረጥ አይቻልም፤ የደረሰዎትን ወስደው መክፈል ወይም መተው ነው። የተተወው ትኬት ለሌላ ተመዝጋቢ ስለሚሰጥ መልእክት እስከ ጸደይ ሊመጣ ይችላል። ኢሜይሉ አይፈለጌ የሚባለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ የመክፈያ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸውና ከጃንዋሪ በኋላ እሱንም እያዩ ይቆዩ።